ራቩላ የለቀቀቻት ፎዛ

ራቩላ እጇን ጅረት ውስጥ መክተት የጀመረችው ስድስት ዓመት ሳይሞላት ነው። እናቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው የሳሃማይንቲን ጅረት ጥቁር ውሃ ሽቅብ እየተከተሉ ድንጋይ ይገለብጡ ነበር። ኡራና የሚባለው የጅረት ፍጥረት የሚውለው ከድንጋይ ሥር ነው። እንደ ሸርጣን ሁለት መቆንጠጫ፣ እንደ ጊንጥ ረዘም ያለ ጭራ አለው። ጀርባው እሾሃማ ሲሆን ጠባዩ ዝግተኛ ነው። ከፊት ለፊቱ የመጣ ሰው ጣቱን ያስበላል። እጅን በቀስታ ከኋላው አዙሮ ወገቡ ላይ መያዝ ነው ብልሃቱ። ይህን ለራቩላ በቃል ያስተማራት ሰው የለም፤ ሁለት ጊዜ ከደማች በኋላ ራሷ አወቀችው።

ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሄዳ አቆመች። አቁሚ ብሎ የተቆጣትም አልነበረም፤ አንድ የዝናብ ወር እናቷ ታመመችና ጅረቱን የምትሠራው እሷ ብቻ ሆነች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ ባል አገባች፣ ባሏን ወባ ወሰደው፣ አንዲት ሴት ልጅ ቀረችላት። አርባ ስምንት ዓመቷ ላይ እጆቿ እንደ አሮጌ ገመድ ተጠማዘዋል። ይሁን እንጂ ውሃ ውስጥ ከገቡ ዓይን አያስፈልጋቸውም። ጣቶቿ ኡራናውን ሲነኩ ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ገና የሚያድግ፣ እንቁላል የታቀፈች ትሁን ባዶ ለይተው ያውቃሉ።

የአምባቱሜና መንደር ለጅረቱ ውል አለው። ከመዳፍ ስፋት የሚያንስ ኡራና ወደ ውሃው ይመለሳል። እንቁላል ከጭራዋ ሥር የታቀፈች ደግሞ ትልቅም ብትሆን ትመለሳለች፤ ለዚያውም እንዲሁ ተወርውራ ሳይሆን ውሃው ጸጥ ወዳለበት ወደ ላይኛው ኩሬ ተወስዳ። ኡራና እንቁላል ለማቀፍ ሰባት ዓመት ይፈጅበታልና ይህን ውል የሚያፈርስ ሰው የልጆቹን እራት በላ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ግን ነገሩ ከውልም ያልፋል። እንቁላል የታቀፈች ፍጥረት በዚያ ቤት ሰው እጅ መሞቷ እርም ነው። ከሞተች ማህፀን ያለው ልጅ አይጸናም ይባላል። አያቶች እንዲህ ብለው ሄደዋል፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸውም የለም።

የራቩላ ልጅ ታንተሊ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህ ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው። የመጀመሪያው በአምስት ወሩ ወረደ። ሁለተኛው ተወልዶ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ተነፈሰና ዝም አለ። ባሏ ለሰንፔር ጉድጓድ ቁፋሮ ወደ ደቡብ ሄዶ ነበር፤ አልፎ አልፎ በመንገደኛ ሰላምታ ይልካል። ስለዚህ ሆዷን የሚጠብቁት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ራቩላ የማትጠብቀው እርም አልነበረም። ታንተሊ ደፍ ላይ አትቀመጥም፣ አንገቷ ላይ ጨርቅ አትጠመጥምም፣ ዝንጅብል አትነካም።

አንድ ዓርብ የራቩላ ሟች ባል እህት ፔርሊን ከአስፋልቱ ዳር ገበያ መጣች። ፔርሊን ስትናገር ቤቱ የሚሞላ፣ ስትሄድ ጆሮ የሚያርፍ ዓይነት ሴት ናት። በራሷ ላይ ባልዲ ተሸክማ፣ ባልዲውን በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ሸፍና ነበር።

«የታንተሊ እናት፣ በካሳቫና በጎመን ብቻ ልጅ ይሠራል ብለሽ ነው እንዴ?» አለችና ባልዲውን አወረደች። «ይኸው ሥጋ። ቆላ በየሩዝ ማሳው እንደ አንበጣ ነው የሚታፈሰው።»

ራቩላ ቅጠሉን ገልጣ አየች። ኡራና ይመስላሉ፣ ግን ኡራና አይደሉም። ጀርባቸው እሾህ የሌለው ልሙጥ ነው፤ መቆንጠጫቸው ቀጭን፣ ቆዳቸው እንደ እባብ ዥንጉርጉር። ፔርሊን ፎዛ እንደሚባሉ ነገረቻት። በመንገዱ ሙቀት አብዛኞቹ ሞተዋል። ራቩላ እየለየች ወደ ድስቱ ስትጨምር አንዷ እጇ ላይ ተንፈራገጠች። ገልብጣ አየቻት። ከጭራዋ ሥር እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር እንቁላል ተጠቅጥቆ ነበር።

ፔርሊን ይህች ኡራና ስላልሆነች እርሙ አይመለከታትም ብላ ሳቀችባት። ራቩላ ወደ ልጇ ዞረች። ታንተሊ እዚያው ምድጃው አጠገብ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ራቩላ ፎዛዋን ሳህን ውስጥ አድርጋ ወጣች፤ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ ተጉዛ ላይኛው ኩሬ ደረሰችና ዳር ከቆመው ባሕር ዛፍ ሥር በቀስታ ለቀቀቻት። ፎዛዋ ጭራዋን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ ወደ ጨለማው ሸሸች። ራቩላ ስትመለስ ልቧ ቀሎላት ነበር። የልጅ ልጇን ከአንድ ነገር ያስጣለች መሰላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መንደሩ ለስብሰባ ተጠራ። ከጫካ ጥበቃ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆማ የብርጭቆ ማሰሮ አነሳች። በውስጡ በመድኃኒት የተነከረች ዥንጉርጉር ፎዛ አለች። ራቩላ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ማሰሮውን ስታይ ከፊቷ ከቆመችው ሴት ጀርባ ተጠለለች።

ልጅቷ ስትናገር አትቸኩልም ነበር። ይህች ፍጥረት ከባሕር ማዶ የመጣች የኡራና ሩቅ ዘመድ ናት አለች። ሁሉም ሴት ናቸው፣ ወንድ የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም። አንዷ ብቻዋን አምስት መቶ ትወልዳለች፤ አምስት መቶዎቹም በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ እናታቸው ይወልዳሉ። ቆላ የሩዝ ማሳውን ድንበር እየቦረቦሩ ውሃ ያፈሳሉ። እስካሁን ወደ ደጋው ጅረት አልወጡም። ከወጡ ግን ኡራና የሚበላውን ይበላሉ፣ የሚደበቅበትን ይይዛሉ። ሰባት ዓመት የሚጠብቀው ኡራና አይደርስባቸውም። አንዲት ብቻ ብትገባ ይበቃል አለች፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ደገመችው።

«ወንድ ሳያስፈልጋት የምትወልድ ከሆነ እኔንም ፎዛ አድርጊኝ» አለች ጎረቤታቸው ዜናይድ፤ ባሏ ሰካራም ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ራቩላም ጥርሷን አሳየች፣ ሳቅ ግን አልወጣላትም።

የመንደሩ ሽማግሌ ራማሩ በምርኩዛቸው ተነሡ። ፎዛን ከነሕይወቷ ወደ ሳሃማይንቲ ያስገባ ሰው በሬ አርዶ ሙታንን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጅረቱ ዳርም ዳግም አይደርስም አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ራቩላም አጨበጨበች። እጆቿ የሌላ ሰው እጆች መሰሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣች። በየማለዳው ለታንተሊ እንጨት ለቅማ እንደምትመጣ እየነገረች ወደ ላይኛው ኩሬ ትወጣለች። ልብሷን እስከ ጭኗ ሰብስባ ትገባና ድንጋዩን አንድ በአንድ ትገለብጣለች። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አንድ ኡራና በነካች ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ እሾሁን ስትዳስስ ትንፋሿ ይመለሳል፣ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ስትሄድ ደግሞ ይቆማል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ስንት ቀን እንደቀረው አታውቅም። ኡራናን ብታውቅም ይህችን አታውቃትም።

ካላገኘቻት ጅረቱ ይሞታል። ከእሱ ጋር መንደሩም፣ ለእሷና ለልጇ ሃያ ዓመት ያህል እራት የሆናቸው ነገርም። ካገኘቻት ደግሞ መግደል አለባት፤ እንቁላል እንደታቀፈች፣ ታንተሊ እንዲህ ሆና ሳለ። ዘወትር ማለዳ እየፈለገች፣ ምነው ባላገኛት እያለችም ትመኛለች። ለራማሩ ልንገራቸው ብላ ሁለት ጊዜ እስከ ደጃቸው ሄዳ ሰላም ብላ ተመልሳለች። ብትነግራቸው የሚሉትን ታውቃለች፤ ግደያት ነው የሚሏት። ያን ከራሷ በቀር ሌላ ሰው እንዲያዛት አልፈለገችም።

በአሥረኛው ቀን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጣቶቿ ልሙጥ ጀርባ ነኩ። እጇ ከእሷ ቀድሞ አወቃት። ከወገቧ ይዛ አወጣቻት። ፎዛዋ ተንፈራገጠች፣ ጭራዋን ጠቅልላ ሆዷን ደበቀች። እዚያው ድንጋይ ላይ አድርጎ በሌላ ድንጋይ መምታት ብቻ ነበር የቀረው። ራቩላ ድንጋዩን አነሳች። ክንዷ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ግን አልመጣም። እንደዚያ ቆማ ሳለች ውሃው እግሯን አደነዘዘው።

በመጨረሻ ይዛት ወደ ቤት ሄደች። በአሮጌው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጋ ጨመረቻት፣ ክዳኑን ገጥማ ድንጋይ ጫነችበት፣ ከሩዙ ጎተራ ኋላ ሸሸገችው። ታንተሊ እስክትወልድ እንዲህ ላቆያት ብላ አሰበች። አምስት ሳምንት ነው። ከወለደች በኋላ እርሙ ይነሳል። እስከዚያ ክዳኑን መጠበቅ ብቻ ነው።

ግን ማሰሮው ዝም አላለም። ከጎተራው ኋላ ቀኑን ሙሉ የሚቧጭር ድምፅ ይመጣል፤ ያቆማል፣ ይጀምራል። ራቩላ ሩዝ ስትለቅም ጆሮዋ እዚያ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ክዳኑን ትነካለች። ፎዛ በእርጥብ ሣር ላይ በእግሯ እንደምትሄድ የጫካ ጥበቃዋ ልጅ ነግራቸው ነበርና ውጭ ስትሆን፣ ክዳኑ ተገፍቶ፣ ያቺ ዥንጉርጉር ፍጥረት ደፉን ተሻግራ ቁልቁል ወደ ውሃው ስትሄድ ይታያታል። ጎንበስ ብላ እየሮጠች ትመለሳለች፤ ድንጋዩ እንደነበረ ነው።

በሦስተኛው ቀን ታንተሊ ምድጃው ላይ ውሃ ጥዳ ተቀምጣ ሳለ አንገቷን አዞረች።

«እማ፣ ከጎተራው ኋላ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም አይቧጭርም።»

ራቩላ እጇን በጨርቋ ጠረገች። ውሸት ፈለገችና አጣች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳህኑን፣ ኩሬውን፣ የስብሰባውን ቀን፣ ድንጋዩን አንስታ መምታት እንዳቃታት። ስትነግራት ልጇን አላየቻትም፣ እሳቱን ነበር የምታየው። ታንተሊ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ሆዷን ደግፋ ተነሥታ ማሰሮውን ከነድንጋዩ ወደ ብርሃን ጎተተችው።

«ለመጀመሪያው ልጄ ስንት እርም ጠበቅን?» አለች።

«ሁሉንም፣ ልጄ።»

«ለሁለተኛውስ?»

«ሁሉንም ነው የጠበቅነው።»

«እህስ።»

ክዳኑን አንስታ እጇን ከተተች። እናቷ ያስተማረቻት ነውና ከኋላ አዙራ ወገቧን ያዘቻት። ራቩላ ዘልላ የልጇን የእጅ አንጓ ጨበጠች። ፎዛዋ በሁለቱ መሃል ተንጠልጥላ መቆንጠጫዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከሥራቸው ውሃው ይንተከተካል።

«ልቀቂኝ እማ፤ እንፋሎቱ ያቃጥለኛል» አለች ታንተሊ። ድምፅዋን አላነሳችም። ራቩላ ለቀቀቻት።

ታንተሊ ከፈላው ውሃ በጭልፋ ስታወጣት ፎዛዋ ቀልታ ነበር። ራቩላ ገለበጠቻት። ከጭራዋ ሥር በአንድ ወገን እንቁላሉ አለ፣ መሃል ላይ እንደ ሩዝ ብጣሪ ያሉ ደቃቃ ልጆች ተጣብቀው ሞተዋል። በሌላው ወገን ምንም የለም። ቆዳው ባዶ ነው። ራቩላ ጣቷን ባዶው ላይ አድርጋ ቆየች። ቀድመው የተፈለፈሉት ማሰሮው ውስጥ ወድቀው ይሆናል ብላ የማሰሮውን ውሃ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው፣ በጣቷ በታተነችው። አሸዋ ብቻ ነው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የታንተሊ ሆድ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ራቩላ ወገቧን እያሸች፣ የሞቱ አያቶቿን በየስማቸው እየጠራች ተቀመጠች። ከእነሱ ጋር ክርክር አልገጠመችም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እሷን ተዉልኝ አለች ብቻ። ወደ ማምሻው ላይ ሆዱ ለቀቀ። ልጁ ሲንቀሳቀስ እጇ ላይ ተሰማት። ለራማሩ መናገሩን ያን ጊዜ ከወሊዱ በኋላ እንዲሆን አሸጋገረችው። የበሬውን ነገር አልነበረም የፈራችው። ታንተሊ ሳትወልድ ሌላ ሰው ደጇን ረግጦ «ገደላችኋት?» ብሎ እርሙን እንዳይቀሰቅስ ነው። ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም እንዲህ አደረገች።

ታንተሊ ከአራት ሳምንት በኋላ ዝናብ በሚወርድበት አንድ ጠዋት ወለደች። ሴት ናት፤ ትንሽ፣ የተጨማደደች፣ ግን የምትጮህ። የሚያያት ሁሉ እንደ ደንቡ አስቀያሚ ናት አለ፤ ዜናይድ ደግሞ «ይቺ አይጥ ከየት መጣች» ብላ እግሯን ሳመቻት፣ ሙታንም ሕያዋንም እንዳይቀኑባት። ስሟ እስኪወጣ አይጧ ተባለች። ራቩላ በቀን ስንት ጊዜ አጎንብሳ ትንፋሿን እንዳዳመጠች ቁጥር የለውም። አንድ ቀን ሞላት። ከዚያ ሁለት ቀን ሞላት። ሰባተኛው ቀን ላይ ራቩላ ጨርቋን አጥብቃ ታጥቃ ወደ ላይኛው ኩሬ ወጣች።

ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ያገኘችው ፍጥረት የጥፍሯን ያህል ነበር። መዳፏ ላይ ባለው ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። በዚህ ዕድሜ ኡራናም እሾህ የለውም፤ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ልሙጥ ነው። አርባ ዓመት የታመነችበት እጇ ምንም አልነገራትም። ልትፈጨው ጣቷን አጠፈች። የራሳቸው ኡራና ከሆነስ፣ ሰባት ዓመት የሚጠበቀው? ዘረጋችው። በመጨረሻ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ ቤት አመጣችው።

ኡራና በወር ውስጥ ያደገ አይመስልም። ፎዛ ግን ታድጋለች። ስለዚህ ራቩላ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ መጠበቅ ጀመረች። በየማለዳው ጥፍሯን ከጠርሙሱ ውጭ አስጠግታ ትለካለች። ከዚያ ዞር ብላ አይጧን ታቅፋ ክንዷን በጣቶቿ ትለካለች። አንዷ እንድትፋፋ፣ አንደኛው ባለበት እንዲቀር ትለምናለች። ታንተሊ ጠርሙሱን አይታ ምንም አልጠየቀችም፤ ውሃውን ስትቀይርለት ግን አንድ ጊዜ ራቩላ አየቻት።

በአሥራ ሁለተኛው ማለዳ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ነበሩ። ራቩላ ግድግዳውን ያዘች። ቀረብ ብላ ስታይ አንደኛው የተገፈፈ ቆዳ ነው፣ ባዶ፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ። ከጎኑ ያለው ከጥፍሯ በግማሽ ይበልጣል። ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ወጥቷል።

ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ራማሩ ሄደች። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ምንጣፍ እየጠገኑ ነበር። ጠርሙሱን ፊታቸው አስቀመጠች። ሁሉንም ስትነግራቸው እጃቸው ሥራውን አቆመ።

«በሬ የለኝም አባባ» አለች መጨረሻ ላይ።

«በሬውን ተዪው አሁን። እናቲቱ የታቀፈችው ሁሉ ወጥቷል?»

«ግማሹ ባዶ ነበር።»

«እናቲቱ ከሞተች ስንት ጊዜ ይሆነዋል?»

«ሰባት ሳምንት።»

ራማሩ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሲያዩት ድንገት ያረጁ መሰሉ፤ ምርኩዛቸውን ሲፈልጉ እጃቸው ሁለት ጊዜ ሳተው። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ኖሮ ይቀላት ነበር። ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ የሚለውንም አላሉትም፤ ሁለቱም ስለሚያውቁት ነው መሰል። ሴቶቹን ሊጠሩ ወጡ።

ረፋዱ ላይ አሥራ አምስት ሴቶች ላይኛው ኩሬ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ጎንበስ አሉ። ፈጣኗም ዝግተኛዋም የየራሷ አያያዝ አላት፤ ድንጋይ ሲገለበጥ የሚሰማው ግን አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ማንም ራቩላን አልሰደባትም። ስማቸውን የማታስታውሳቸው ልጃገረዶች ሳይቀሩ ከጎኗ ፈቀቅ ብለው ነበር የቆሙት። ዜናይድ ብቻ ተጠግታ ገባች።

«አይጧ እንዴት ናት?» አለች ከውሃው ሳትነሳ።

«አስቀያሚ ናት» አለች ራቩላ።

«ጎሽ።»

እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ አወጡ፤ ሁሉንም የድንጋይ ሳህን ላይ ደርድረው ነጠብጣቡን እያዩ ፈጯቸው። ኩሬው የሚያልቀው ውሃው በሁለት ትላልቅ ድንጋዮች መሃል ጠቦ ወደ ጅረቱ በሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ራማሩ እዚያ አጥር ይሠራል፣ ኩሬውን ዘግተን አጽድተን እንጨርሳለን ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አንዲት ልጃገረድ እግሯን ልታጥብ ከድንጋዮቹ በታች ወርዳ ተጣራች። እጇን ዘርግታ ነበር። ሁሉም ሄደው አዩ። አሥራ ሁለተኛዋ ናት፤ የተገኘችውም በሚፈሰው ውሃ ውስጥ ነው።

ሴቶቹ ወገባቸውን አቃኑ። ከዚያ ቁልቁል፣ ሳሃማይንቲ ከጫካው ወጥቶ በየመንደሩ ወደሚያልፍበት አቅጣጫ አንድ በአንድ አዩ። ራማሩ ነገ ከዚህ እንጀምራለን አሉ። እስከ የት እንደሚደርሱ አልነገሯቸውም።

ራቩላ እጇን ከውሃው አውጥታ በጨርቋ አደረቀች። አይጧን የምታጥብበት ሰዓት ደርሷል። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ከጅረቱ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ እስከ ደጇ ድረስ ዓይኗን ከውሃው ላይ ማንሳት አልቻለችም።